ርክርክ ላይ የሚሰበር ድምፅ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 21

ያስረከብኩት የተሳሳተውን ቅጂ ነው። ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዬን ሳስተካክል ንጹሑ ቅጂ ከጋዜጣ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ክው ብዬ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ አዲሱን መጽሐፌን በካርቦን ሁለት ቅጂ አድርጋ ተየበችልኝ፤ አንዱ ለሳንሱር፣ አንዱ ለእኔ። ሁለቱንም በየራሳቸው አረንጓዴ ክላሰር ውስጥ ከተተቻቸው። በእኔ ቅጂ ላይ ወሩን ሙሉ በእርሳስ ስሠራ ከረምኩ። ሰኞ ዕለት አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ ከሁለቱ አንዱን አነሣሁና ሄጄ አስረከብኩ። ለካ ያነሣሁት የእኔን ነው።

በእርሳስ የሠራሁት የዜማ ምልክት ነው። ድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጠው፤ ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ርክርኩ። ልጅ ሆኜ ጎጃም ዜማ ቤት ሳለሁ የተማርኩት። እኔ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ አስቀድሞ የሚመጣልኝ ዜማው ነው፤ ቃሉ ኋላ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ጽፌ ስጨርስ ከየቃሉ በላይ ምልክቱን አስቀምጥና በዓይኔ አዜመዋለሁ። ዓይኔ የሚደናቀፍበት ቦታ ካለ ቃሉን እለውጣለሁ። መጻሕፍቴን ሁሉ የጻፍኩት እንደዚህ ነው። ከጥሩወርቅ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። አንባቢዎች በደብዳቤ «እነዚያን ደመና ላይ ያሉ አገሮች ከየት ያመጧቸዋል?» ይሉኛል። ከየት እንደማመጣቸው ብነግራቸው አያምኑኝም።

አሁን ነጥብና ቅስት የፈሰሰበት ያ ሁሉ ገጽ ሳንሱር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እኔ መርማሪ ብሆን ምን እላለሁ? የምስጢር መልእክት ነው እላለሁ።

ጥሩወርቅ ከሥራ ስትመጣ ነገርኳት። «ታዲያ ነገ ሂድና ለውጠዋ» አለች። እሷ ሁሉ ነገር ሲቀልላት!

ዓርብ፣ ሚያዝያ 22

ሄድኩ። ዘግይቼ ኖሯል።

የጽሑፍ መርማሪው ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስልም። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ካኪ ሱሪ፣ ጠረጴዛው ላይ ተስተካክለው የተቀረጹ ሦስት እርሳሶች። ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የተቀበለኝ። «ጓድ ደራሲ፣ ኮሌጅ ሳለሁ የመጀመሪያ መጽሐፍዎን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ክላሰሩን ከፈተ።

ምልክቶቹን አንድ በአንድ በወረቀት ገልብጧቸዋል። እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደመጣ ቆጥሯል። ሰውየው ሠርቷል፤ ይህን አልክድም። ጣቱን ርክርኩ ላይ አድርጎ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ዜማ ነው አልኩት። የምን ዜማ? የዓረፍተ ነገሩ። 

ከዚያ ስለ ታሪኩ ጠየቀ። መጽሐፉ ድምፁ ስለጠፋበት ወንዝና ድምፁን ፍለጋ አገር ለአገር ስለምትዞር ልጅ ነው።

«ወንዙ ማን ነው?»

«ወንዝ ነው፣ ጓድ።»

«ድምፁን የወሰደበት ማን ነው?»

«ማንም አልወሰደበትም። ራሱ ረሳው።»

ይህን ጻፈ። ለምን እንደጻፈው አላውቅም።

አሁን የምጽፈው የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ግን ማስታወሻዬን ከዋሸሁት ለማን እውነት ልናገር። መሳቢያውን ከፍቶ የድሮ ጋዜጣ አወጣ። እኔ ነኝ፤ ፎቶግራፌ ከነበገናው። ያኔ ጋዜጠኛው ቤቴ መጥቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን በገና ሲያይ «ይደረድራሉ?» ቢለኝ «አዎ፣ ሲከፋኝም ሲደላኝም» አልኩት። በገናው የጥሩወርቅ አባት ንብረት ነው። እኔ አንድ አውታር ነክቼ አላውቅም። ለፎቶው እንኳ ያቀፍኩት ተገልብጦ ነው፤ የሚያውቁ ሰዎች ስቀውብኛል አሉ።

መርማሪው ግን አልሳቀም። «በገና የሚደረድር ሰው ያዜማል» አለ። «እንግዲያው ቀላል ነው። የዛሬ ሳምንት በአራት ሰዓት ምልክቱን ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው ይዘው ይምጡ። ገጹን እኔ እመርጣለሁ። እሱን ለብቻው፣ እርስዎን ለብቻዎ በቴፕ እቀዳለሁ። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ካዜማችሁት ዜማ ነው። ከተለያያችሁ ግን ጉዳዩ ከእኔ እጅ ይወጣል።»

አላስፈራራኝም። እንዲያውም ያዘነልኝ ይመስላል። ከእሱ እጅ ወጥቶ ማን እጅ እንደሚገባ አልጠየቅሁም። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ሰው የለም።

ችግሩ ይኸውና፦ እኔ ማዜም አልችልም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 23

የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ቀበሌያችን በጠዋት ለሰልፍ አወጣን። መዝሙር ነበር። እንደ ሁልጊዜው አፌን ብቻ አንቀሳቀስኩ። በዚህ ተክኛለሁ፤ ከንፈሬን ያየ ሰው ከሁሉ በላይ የምጮኸው እኔ እመስለዋለሁ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የኔታ እያንዳንዳችንን አስነሥተው ያስዜሙን ነበር። ምልክቱን ከሁሉም ቀድሜ የለየሁት እኔ ነኝ። እጄም ያምራል። አፌን ስከፍት ግን ሌላ ነው። በተለይ ርክርክ ላይ። ርክርክ ማለት ከፊደሉ በላይ የሚደረደሩ ነጠብጣቦች ናቸው፤ ድምፅ ደረጃ በደረጃ እየተንጠባጠበ እንዲወርድ ያዝዛሉ። የእኔ ድምፅ ሁለቱን ደረጃ ይወርድና ሦስተኛው ላይ እንደ ፍየል ብሎ ይሰበራል። ሁልጊዜ ሦስተኛው ላይ። ልጆቹ እስኪሰበር ይጠብቁና ይንከባለሉ ነበር። አንድ ቀን የኔታ ሰለቻቸውና «አንተ ልጅ፣ አፍህን ዝጋና ጻፍ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለሌሎቹ ድጓ ገልባጭ ሆንኩ። እኔ እጽፋለሁ፤ እነሱ ያዜማሉ።

አፌን እንደዘጋሁ አርባ ዓመት ሊሞላ ነው። በሠርጌ ቀን እንኳ አልዘፈንኩም። ጥሩወርቅ ኩራት ይመስላት ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 24

ምልክቱን ማንበብ የሚችል ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻኝም። ልደታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ። መሪጌታ ይትባረክ። ዜማ ቤት አጠገቤ የሚቀመጠው እሱ ነበር፤ እኔ የጻፍኩትን እሱ ያዜመው ነበር። ስሰበር ያልሳቀው እሱ ብቻ ነው።

ስድስት ዓመት አላናገረኝም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በመጀመሪያ መጽሐፌ ውስጥ አንድ ቁራ አለ። ዜማው እንከን የለሽ ነው፤ ግን በራሱ ድምፅ ከመመሰጡ የተነሣ ዙሪያውን ያለው አገር በውሃ ሲጥለቀለቅ አያይም። ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «ይህን ማን ይደግመዋል?» ይላል። ይህ የይትባረክ አባባል ነው። ማንም አያውቅም ብዬ ነበር። መጽሐፉ አራት ጊዜ ታተመ። ከአብነት ሰፈር እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ያለ ሰው ሁሉ መሪጌታን ሲያይ «ቁራው መጣ» ማለት ጀመረ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ጠበቅሁት። ለጥሩወርቅ ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ፣ እመቤት» አላት። እኔን አልፎኝ ሄደ፤ እንደ አጥር።

ጥሩወርቅ «ነገ ቤቱ ትሄዳለህ» አለችኝ። «ባዶ እጅህን እንዳትሄድ። ደግሞም ስትደርስ ማስረዳት አትጀምር። ጥፋቴ ነው በልና ዝም በል።»

ሰኞ፣ ሚያዝያ 25

ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ሄድኩ። ስኳር ለማግኘት ጥሩወርቅ ምን እንዳደረገች አልነገረችኝም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለችው ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነባል። ሲያየኝ መጽሐፉን ከጋቢው ሥር ከተተ። «ይትባረክ፣ ጥፋቴ ነው» አልኩት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ በጣም ከበደኝ።

ቆይቶ «ገጽ ስልሳ ሦስት» አለኝ። «ቁራው ጅራቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ። እኔ ጅራት አለኝ?» ከዚያ ገጽ ሰባ ዘጠኝ፣ ከዚያ ገጽ መቶ አራት። በቃሉ ይዞታል። አንድም ቃል አልሳተም። እኔ የጻፍኩት ሰውዬ እንኳ እንደዚያ አላስታውሰውም። ሁሉንም ሲጨርስ «ደግሞ የሚያናድደው» አለ፣ «ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍከው።»

ከዚያ ጉዳዬን ነገርኩት። ሌላ ነገር ላይ ተቆጣ። «በተረት ላይ? የአባቶችን ምልክት በተረት ላይ?» መቋሚያውን አንሥቶ የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። መታገሥ ነበረብኝ፤ ታገሥኩ። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ «ላንተ ብዬ አይደለም። ግን ምልክቱ ወንጀል ነው ሲባል ዝም አልልም። ዓርብ እመጣለሁ። ከነገ ጀምሮ ደግሞ በየጠዋቱ ቤትህ መጥቼ አስዜምሃለሁ። እንዲህ ያለውን ጉሮሮ ይዤህ ብሄድ የምዋረደው እኔ ነኝ።»

ስኳሩን ተቀበለኝ። ስወጣ ጋቢው ሥር የከተተውን መጽሐፍ አየሁት። የእኔ ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 26

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ንጹሑ ቅጂ እንዳይነካ ጥሩወርቅ ቆልፋበታለች፤ ስለዚህ ከመጽሐፉ በቃሌ የያዝኩትን ጥቂት ገጽ በእጄ ጽፌ ምልክት አደረግሁበት። መጀመሪያ ያለኝ «የምን ዜማ ነው? ግዕዝ ነው፣ ዕዝል ነው፣ አራራይ ነው?» ነበር። አራራይ አልኩ። «ይህንን ዳር ላይ መጻፍ ነበረብህ። ሳትጽፈው ሰው እንዴት ይወቅልህ?» አለ። እውነቱን ነው። ጸሐፊ ነኝ እያልኩ!

«በል ክፈት» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈትኩ። የወጣውን ነገር ድምፅ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ይትባረክ አልሳቀም። ግን ጎረቤታችን ዘይነባ በአጥሩ በኩል «ጋሽ አያሌው! አሞዎት ነው እንዴ? ሰው ልጥራ?» ብላ ተጣራች። ጥሩወርቅ ወጥታ «ኧረ ደህና ነው፣ እያዜመ ነው» አለቻት። ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ዝንጅብል በማር አፍልታ ላከችልኝ። ጠጣሁት። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 27

ዛሬ የቻልኩት፦ ድፋት። ቅናት። ቁርጥ፤ ቁርጥ እንዲያውም አምሮልኝ ይትባረክ ቅንድቡን አነሣ። ሁለት ገጽ ሳልቆም ማዜም።

ያልቻልኩት፦ ርክርክ።

ልክ እንደ ጥንቱ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ፍየሉ። ጉሮሮዬ አርጅቶ ድምፄ ወፈር ብሏል፤ ስብራቱ ግን አንድ ቀን አላረጀም። ይትባረክ ራሱ ሲያሳየኝ ነጠብጣቦቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ ይሰማሉ። ልጅ ሆኖም እንደዚህ ነበር። «በሕይወቴ አንድ ርክርክ አበላሽቼ አላውቅም» አለ፤ ጉራም አይደለም፣ እውነቱ ነው። የኔታ እንኳ መስክረውለታል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ይህን ማን ይደግመዋል?» ሊል ሲል እኔን አይቶ ተወው።

ሁለታችንም ሳቅን። ስድስት ዓመት ያልተሳቀ ሳቅ ነው።

አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ። እየተሰበርኩም ደስ ብሎኛል። ከጠዋት እስካሁን ደስ ብሎኛል። ያን ሁሉ ዘመን በዓይኔ ብቻ የሰማሁት ነገር ደረቴ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ይህ ጉድ ባይመጣብኝ ኖሮ ሳላውቀው ልሞት ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 28

ዛሬ ጭንቀቱ ተመለሰ። ነገሩን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ነገ መርማሪው የሚመርጠው ገጽ የትም ይሁን የት ርክርክ ይኖርበታል፤ መጽሐፉን በርክርክ ሞልቼዋለሁ፣ ማዜም የማልችለውን ነገር ነው ከሁሉ አብልጬ የምወደው። ይትባረክ በትክክል ይወርዳል። እኔ ሦስተኛው ላይ እሰበራለሁ። ቴፑ ሁለት የተለያየ ነገር ያሰማል። መርማሪው «ተለያያችሁ» ይላል። ከዚያ ጉዳዩ ከእጁ ይወጣል።

አራት ዓመት የጻፍኩት መጽሐፍ ይቅር። ምልክቱ የኔ ነው፣ ቅጂውን የተየበችው ግን ጥሩወርቅ ናት። እሷንም ይጠሯታል። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ቀድማ አስባዋለች። ፊቷ ላይ አየሁት።

«ርክርኩን ትንሽ እንዲያበላሸው ለምነው» አለችኝ።

እንዴት አድርጌ? ስድስት ዓመት ቁራ ያስባልኩትን ሰው፣ ይዞ የቀረውን አንድ ነገር ለእኔ ብለህ አበላሽ ልበለው? መሪጌታ ነው፤ ተማሪዎቹ የሚሰሙት ጉሮሮውን ነው። እሽ ቢለኝ እኔ ራሴ እታዘበዋለሁ። አልለምነውም።

የመጨረሻው ትምህርት እንግዳ ነበር። ሌላውን ሁሉ ተወና «ርክርኩን ብቻ በል» አለኝ። አልኩ፣ ተሰበርኩ። «ድገም።» ተሰበርኩ። «አንዴ ድገምልኝ።» ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጭንቅላቱን በመቋሚያው ላይ አስደግፎ ያዳምጣል። አላረመኝም። አልተቆጣኝም። «ይበቃል» ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። ተስፋ የቆረጠብኝ ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 29

ከመጀመሪያው ጀምሬ ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ይትባረክ በሰዓቱ መጣ፤ ነጭ ጋቢ፣ አዲስ ጥምጥም። ሰይቼንቶ ታክሲ ተሳፍረን ሄድን።  መርማሪው ሲያየው «አባቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ የራሱን ወንበር ለቀቀለት።

ክላሰሩን ከፈተና ገጽ መረጠ። የትኛውን እንደመረጠ ከሩቅ ለየሁት። ልጅቱ ድምፅ የለሹ ወንዝ ዳር ደርሳ የምትጣራበት ነው፦ «ወንዜ ሆይ፣ ድምፅህን ረስተኸው እንደሆን እኔ ይዤልሃለሁ፤ ና ውሰደው።» «ውሰደው» ላይ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ረጅሙ ርክርክ አለ። ጨለመብኝ።

እኔን ኮሪደር ላይ አስቀመጡኝ። በሩ ወፍራም ነው፤ ምንም አይሰማም። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ይትባረክ ወጣ፣ እኔ ገባሁ። ስንተላለፍ አላየኝም።

አዜምኩ። በሰው ፊት፣ አሥራ አራት ዓመት ከሆነኝ ጊዜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ድፋቱ መጣ፣ ቅናቱ መጣ። «ይዤልሃለሁ» ላይ እንዲያውም ለራሴ ደስ አለኝ። «ውሰደው» ላይ ደረስኩ። አንድ። ሁለት። ተሰበርኩ። መርማሪው ቴፑን ሲያጠፋ ፊቱን ማየት ፈራሁ።

ይትባረክን አስጠርቶ ሁለታችንንም አስቀመጠን። መጀመሪያ የይትባረክን ካሴት ከፈተ።

ያ ድምፅ! ወንዙ እኔ ብሆን እመጣ ነበር። እየሰማሁ፣ ልዩነቱ የሚመጣበትን ቦታ እየጠበቅሁ፣ ጉልበቴን ጨብጬ ተቀመጥኩ። «ውሰደው» አለ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ። እንደ ፍየል። ልክ እንደኔ፤ ስብራቱ፣ ቀጭን ሆኖ ማምለጡ፣ ከዚያ ትንፋሽ አጥሮት መጨረሱ። የእኔን ጉሮሮ ከእኔ አውጥቶ እሱ ውስጥ ያስገባው ይመስል ነበር።

ዘወር ብዬ አየሁት። ግድግዳውን ያያል።

መርማሪው የእኔን ካሴት አስከተለ። ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አስደገመ፤ ጻፈ። ከዚያ እርሳሱን ርክርኩ ላይ አድርጎ «እዚህ ላይ ድምፅ የሚሰበረውም ምልክቱ ስለሚያዝዝ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

አፌን ልከፍት ስል ይትባረክ ቀደመኝ። «አዎ፣ ልጄ። ምልክቱ እንደዚያ ነው» አለ።

መርማሪው ትንሽ ፈገግ አለ። «እንግዲያው ዜማ ነው» አለ። ሰኞ ንጹሑን ቅጂ ላመጣ፣ እሱም ማኅተሙን ሊመታበት ተቀጣጠርን። ምልክቱ ያለበት ቅጂ መዝገብ ቤት ይቀራል። ይቅር።

ስንመለስ ይትባረክን «ለምን?» አልኩት። «ጉንፋን ይዞኛል» አለኝ። ተክለ ሃይማኖት ጋ ጉዳይ አለኝ ብሎ ወረደ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 30

ጥሩወርቅ ትናንት አለቀሰች፤ ዛሬ ስትዘፍን ዋለች። ሰፈሩ ነገ ለሚከበረው ልደታ ንፍሮ ሊቀቅል ባቄላና ስንዴ ያዋጣል፤ ዘይነባም የድርሻዋን ሰፍራ አመጣችና «ጋሽ አያሌው፣ ዛሬ ዝም አሉሳ? ለመድነዎት እኮ» አለችኝ። ደስ አለኝ።

ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። ጉንፋን ቢሆን ሌላም ቦታ ድምፁ ይሻክር ነበር። ካሴቱ ላይ ከርክርኩ በቀር እንከን አልነበረውም። ሐሙስ ዕለት ዓይኑን ጨፍኖ ሦስት ጊዜ ያስባለኝም ትዝ አለኝ። ተስፋ የቆረጠብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እየተማረኝ ኖሯል።

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ምናልባትም እውነት ጉንፋን ነው። ነገ ማኅሌት አለው፤ ሄጄ እሰማዋለሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 1

ጉንፋን አልነበረም።

ገና ፀሐይ ሳይበረታ ከጥሩወርቅ ጋር ሄድን። ቅጥር ግቢው ሰው በሰው ነው። ታቦቷ ስትወጣ መሪጌቶቹ ከፊት ቆሙ፤ ይትባረክ መሐላቸው፣ ጸናጽል በቀኝ እጁ። ዜማው አራራይ ነበር። ርክርኩ ሲመጣ ትንፋሼን ያዝኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ እያንዳንዱ ነጥብ በቦታው ወረደ። ምንም አልተሰበረም። ይትባረክ ጥምጥሙን ቀና አድርጎ በሰዉ ራስ ላይ አሻግሮ ፈለገኝ፤ አገኘኝና ዓይኑን መለሰ።

በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው ያበላሸው። በቴፕ ላይ፣ መዝገብ ቤት ለዘላለም በሚቀመጥ ካሴት ላይ፣ ስሙ ተጽፎበት። እኔ ያልለመንኩትን።

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ከዚያ ሕዝቡ ሲቀበል እኔም ተቀበልኩ። በከንፈሬ አይደለም፣ በድምፄ። ከፊቴ የነበሩ ሴትዮ ዘወር ብለው አዩኝ። ርክርኩ ላይ ተሰበርኩ። ቀጠልኩ።

ከቀትር በኋላ ሰፈር ተመልሰን ንፍሮ ስንበላ ይትባረክ መጣ፤ ሊያስዜመኝ ሳይሆን፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ ሆኖ። ዘይነባ በእፍኟ ንፍሮ ዘገነችለት። አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጉንፋኑስ?» አልኩት።

«ተሻለኝ» አለኝ። ንፍሮውን ዋጠና ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህን ማን ይደግመዋል?»

ማንም እንደማይደግመው ነገርኩት።

ነገ ሰኞ ነው። ማኅተሙ ገና አልተመታም። ንጹሑ ቅጂ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሦስት ጊዜ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ጥሩወርቅ ደግሞ ለማንኛውም ብላ በቤቱ ያለውን እርሳስ ሁሉ ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች። ይህን የምጽፈው በእሷ እስክሪብቶ ነው።